«እርስዎ አይነሡ» ማለት ይብቃን
(በማኅበራችን የወር ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው የተነበበ ንግግር፤ መገኘት ላልቻሉ አባላት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል)



ዛሬ በፊታችሁ የምናነሣው ጉዳይ በአደባባይ ለመናገር የማይመች፣ ብዙዎቻችን በየቤታችን እያለ እንደሌለ አድርገን የምናልፈው ነው። ይኸውም በዕድሜ የገፉ እናቶቻችንና አባቶቻችን ሽንታቸውን ወይም ሰገራቸውን መቆጣጠር ሲያቅታቸው ምን ይደርስባቸዋል? ቀኑን ሙሉ ተቀምጦና ተኝቶ ከመዋል ጋርስ ነገሩ ምን ግንኙነት አለው? የሚለው ነው። በተለይም በመጦሪያ ቤት ያሉትን እናስባለን። ነገሩ ያሳፍራል የሚል ካለ፣ እኛም ስንጀምር አፍረን ነበር። ሆኖም አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብለዋልና አፍረን ዝም ከማለት ተናግረን ብንጠቀም ይሻላል ብለን ተነሥተናል።

ለዚህ ንግግር ምክንያት የሆኑን አንዲት የሠፈራችን እናት ናቸው። ስማቸውን አንጠራም፤ እሳቸውም «ሥራዬን እንጂ ስሜን አታንሡ» ብለውናል። በዚህ ማኅበር ድንኳን ሲተከል ከሁሉ ቀድመው የሚመጡ፣ ለቅሶ ቤት ጎንበስ ብለው ሽንኩርት ሲልጡ የሚያድሩ ሴት ነበሩ። ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው። ከወደቁ በኋላ የሚያነሣቸው ሰው ጠፋና ወደ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ገቡ። እኛም ብርቱካንና ዳቦ ይዘን ልንጠይቃቸው ሄድን።

ስንገባ ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ጥለው በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። አዩንና የወንበሩን ክንድ ይዘው ሊነሡ ሞከሩ። እኛ ሁላችን በአንድ አፍ «ኧረ በሞቴ! እርስዎ አይነሡ! አፈር ስሆን!» አልን። መልሰው ተቀመጡ። እኛም አክብሮታችንን የገለጽን መስሎን ደስ አለን። ስንወጣ ግን ከመካከላችን አንዷን እጇን ያዝ አድርገው በጆሮዋ እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፣ እግሬ እኮ ይሄድ ነበር። ሽንቴ ሲመጣ ሰው ጠርቼ እስኪደርስልኝ ያመልጠኛል። አሁን ውሃ መጠጣቱንም ትቻለሁ፤ ከወንበሬም አልነሣ።»

ወገኖቻችን፣ ዛሬ የምንለው ሁሉ በእነዚህ ሦስት አራት ቃላት ውስጥ አለ።

በመንገድ ላይ ስንመለስ ክርክር ተነሣ። «ሠራተኞቹ ናቸው ጥፋተኞቹ» ያልን ነበርን። ነገር ግን ያየነውን እንመስክር፤ አንዲት ሠራተኛ ስንቱን አጥባ፣ ስንቱን አብልታ፣ የስንቱን አንሶላ ቀይራ ነው የምትውለው! ደግሞም ወደራሳችን ስንመለስ ሌላ ነገር ታየን። እኚህ እናት መጦሪያ ቤት ከመግባታቸው በፊት ወደ ሁለት ዓመት ያህል ከማኅበሩ ስብሰባ ቀርተው ነበር። እኛ ምን አልን? «ደከሙ፤ አርጅተዋል» አልን። ለምን እንደቀሩ የጠየቀ የለም። ውሃ የሚቀዳላቸው ተመደበ፤ ገበያ የሚሄድላቸው ተመደበ፤ ቡና የምታፈላላቸው ልጅ ተገኘች። በጎ ሥራ ነው። ነገር ግን ከወንበር የሚያስነሣቸውን ነገር አንድ በአንድ ወስደን ጨረስንባቸው። በስብሰባ መካከል ሽንታቸው እንዳያመልጣቸው ፈርተው እንደቀሩ ያወቅነው አሁን ነው።

ሽንት የሚያመልጠው ለምንድን ነው?

በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ እምነት እናስተካክል። ሽንት ማምለጥ «የእርጅና ዕጣ» አይደለም። ዕድሜ ሲገፋ የሚበዛ መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ሁልጊዜ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የሚታከም ወይም የሚቀልል ነው።

አንዳንዱ ሲስቅ፣ ሲያስል ወይም ዕቃ ሲያነሣ ጠብ ይልበታል። ይህ ከዳሌ በታች ሽንትንና ሰገራን አግተው የሚይዙት ጡንቻዎች ሲላሉ የሚመጣ ሲሆን ብዙ በወለዱ እናቶች ላይ ይታያል። ሌላው ድንገት ይመጣበትና መያዝ ያቅተዋል፤ የሽንት ፊኛው ሳይሞላ ይኮማተራል። ሦስተኛው ፊኛው ሞልቶ ተርፎ ጠብ ጠብ የሚልበት ነው፤ ይህ ፕሮስቴታቸው ባበጠ ወንዶችና የሆድ ድርቀት ባጠናባቸው ሰዎች ላይ ያጋጥማል። ስኳር በሽታ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ውሃ የሚያስወጣ የደም ግፊት መድኃኒት፣ የእንቅልፍ ኪኒንም ያባብሱታል።

አራተኛውን ግን በተለይ ልብ በሉልን። ፊኛው ደኅና ነው፤ ያልቻለው እግር ነው። ሰውዬው ሽንቱ መምጣቱን ያውቃል፤ ከወንበር ለመነሣት ግን ጊዜ ይፈጅበታል፤ ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው፤ በሩ ይከብዳል፤ የሱሪው ቁልፍ አልፈታ ይለዋል። በዚህ መካከል ያመልጠዋል። በመጦሪያ ቤት ከሚታየው ችግር ብዙው ይህ አለበት። እንግዲህ ሽንት ለመያዝ ፊኛ ብቻ አይበቃም፤ እግርም፣ እጅም፣ ዓይንም፣ የሚያግዝ ሰውም ያስፈልጋል ማለት ነው።

መቀመጥስ ምን ያደርጋል?

ጡንቻ ካልሠራ ይሟሽሻል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ጤነኛ የሆኑ አረጋውያንን ለ10 ቀን አልጋ ላይ አቆይቶ መዘናቸው። በ10 ቀን ብቻ ከእግራቸው ሥጋ ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጠፋ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ጤነኞች ናቸው! ወር ከመንፈቅ ወንበር ላይ የዋለ ሰውማ ምን እንደሚሆን ገምቱት።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ራሱን ይዞራል። ሽንት ያመልጣል፤ ሰው ያፍራል። ሲያፍር ከቤተ ክርስቲያን፣ ከመስጊድ፣ ከዕድር፣ ከጎረቤት ቡና ይቀራል። ሲቀር ይቀመጣል። ሲቀመጥ እግሩ ይደክማል። እግሩ ሲደክም ሽንት ቤት መድረስ ያቅተዋል፤ የበለጠ ያመልጠዋል። ሲያመልጠው ውሃ መጠጣት ይተዋል። ውሃ ሲተው ሽንቱ ይወፍርና ያቃጥላል፤ ሆዱ ይደርቃል፤ የደረቀ ሰገራ ፊኛውን ይጫናል፤ ጭራሽ ይብስበታል። ሌሊት ደግሞ ላድርስ ብሎ በጨለማ ሲጣደፍ ይወድቃል። ጭኑ ተሰብሮ ከዚያ አልጋ ያልተነሣ ስንት አለ!

በእርጥብ ልብስ ላይ ለረጅም ሰዓት የቆየ ቆዳም ይላላጣል፤ አንድ ጎን ተጭኖ ሲውል ይቆስላል። ዶሪን ኖርተን የምትባል እንግሊዛዊት ነርስ ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1962 ባወጣችው ጥናት የአልጋ ቁስል ማን ላይ ሊወጣ እንደሚችል አስቀድሞ ለማወቅ 5 ነጥቦችን አስቀምጣለች። እነርሱም የሰውነት አቋም፣ የአእምሮ ሁኔታ፣ ከአልጋ ተነሥቶ መንቀሳቀስ፣ እጅና እግርን ማዘዋወር መቻል፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር ናቸው። ከአምስቱ ሦስቱ ዛሬ የምንናገርበት ጉዳይ መሆናቸውን ተመልከቱ። ይህ መለኪያ እስከ ዛሬ በብዙ አገር ሆስፒታሎች ይሠራበታል።

ሌሎች ምን አደረጉ?

«ሰው ካረጀ በኋላ ምን ይደረጋል?» የሚለው አባባል የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገርም እንደዚሁ ነበር። ዶክተር ማርጆሪ ዋረን እ.ኤ.አ. በ1935 በለንደን ዳርቻ በሚገኘው በዌስት ሚድልሴክስ ሆስፒታል ሥር የነበረውን የድኾች ማረፊያ ስትረከብ 714 ሰዎች ነበሩበት። ብዙዎቹ «አይድኑም» ተብለው አልጋ ላይ የተተዉ ነበሩ። እሷ ግን አንድ በአንድ መረመረቻቸው፤ ለየቻቸው፤ ከአልጋ አስነሥታ እንዲለማመዱ አደረገች። ከመካከላቸው በእግራቸው ቆመው ወደ ቤታቸው የተመለሱ አሉ። በዚህም ሥራዋ በእንግሊዝ የአረጋውያን ሕክምና እናት ትባላለች። ከእሷ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1947 ዶክተር ሪቻርድ አሸር የሚባል ሐኪም በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አልጋ መያዝ ስላለው አደጋ ጽፎ፣ ከደም መርጋት እስከ ሆድ ድርቀት ድረስ ጉዳቱን ዘርዝሮ ሐኪሞችን አስጠንቅቋል።

በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመውን እንንገራችሁ። በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው በአማካይ 90 ዓመት የሆነ 10 ሰዎች ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት እያነሡ እንዲለማመዱ ተደረገ። ልምምዱን የጨረሱት ሰዎች የእግር ጉልበት ከእጥፍ በላይ ጨመረ። በ90 ዓመት! ከዚያም እ.ኤ.አ. በ1994 ይኸው ነገር በ100 አረጋውያን ላይ ተሞክሮ ጉልበታቸው ጨመረ፤ እርምጃቸውም ፈጠነ።

ለጉዳያችን ከሁሉ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የጆን ሽኔልና የባልደረቦቹ ሥራ ነው። በ4 መጦሪያ ቤቶች ውስጥ ሽንት የሚያመልጣቸውን 256 አረጋውያን ይዘው ለሁለት ከፈሏቸው። ለአንደኛው ቡድን ቀን ቀን በየ2 ሰዓቱ፣ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ8 ወር ሰው እየሄደ «ሽንት ቤት ልውሰድዎ?» ይላቸዋል። በዚያው ሲሄዱ ከወንበር ብድግ ቁጭ ያደርጋቸዋል፤ በእግራቸው ያራምዳቸዋል፤ መራመድ የማይችለውን ተሽከርካሪ ወንበሩን በራሱ እጅ እንዲገፋ ያደርገዋል፤ የሚጠጣም ይሰጣቸዋል። ለብቻው የስፖርት ሰዓት የለም፤ የስፖርት ቤትም የለም። ልምምዱ በሽንት ቤት መንገድ ላይ ነው! ከ8 ወር በኋላ የዚህ ቡድን ሰዎች ጉልበታቸው ጠበቀ ወይም ጨመረ፤ ሽንትና ሰገራ ማምለጡም ቀነሰ። እንደ ዱሮው የተተዉት ግን እየደከሙ ሄዱ።

እውነቱን ላለመሸሸግ አንድ ነገር እንጨምር። ይህ ሥራ በአብዛኛው መጦሪያ ቤት ካለው የሰው ኃይል የበለጠ ሰው የሚጠይቅ ሆኖ ተገኝቷል። በሀብታም አገር እንኳ ሰው አልበቃም። መድኃኒት አልጎደለም፤ መሣሪያ አልጎደለም፤ የጎደለው እጅ ነው። ታዲያ እጅ እንኳ እኛ ጋ ይታጣል?

በአገራችን ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ እንደ መቄዶንያ ያሉ የአረጋውያን መርጃ ማዕከሎች በሕዝብ ድጋፍ ሲቆሙ አይተናል። ልብስ፣ ሳሙና፣ ዳይፐር ይዞ መሄድም የተለመደ ሆኗል፤ ጎሽ የሚያሰኝ ነው። ሴቶች ልጆቻችን በአሜሪካም፣ በመካከለኛው ምሥራቅም የባዕድ አገር አረጋዊ እያነሡና እያስቀመጡ እንጀራቸውን ይበላሉ። ሥራው ምን እንደሚጠይቅ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። እንግዲህ ዳይፐር ይዘን ስንሄድ ጊዜያችንንም ይዘን እንሂድ ነው የምንለው።

በቤታችንም ሆነ በመጦሪያ ቤት ምን እናድርግ?

1ኛ. ሰዓቱን እንወቅ። ለሦስት ቀን ያህል መቼ እንደሸኑ፣ መቼ እንዳመለጣቸው፣ ምን እንደጠጡ በደብተር እንጻፍ። ከዚያ ቀን ቀን በየ2 ሰዓቱ እንጠይቃቸው። «ሸኑ እንዴ?» ብሎ በሰው ፊት መጮኽ አይደለም። ጠጋ ብሎ፣ ድምፅን ዝቅ አድርጎ «ትንሽ ወጣ እንበል?» ማለት ይበቃል። አልፈልግም ካሉ አናስገድድ፤ ቆይተን እንጠይቅ። ደርቀው ካገኘናቸው ደስታችንን እንግለጽላቸው፤ አምልጧቸው ከሆነም ፊታችን አይቋጠር።

2ኛ. እናስነሣቸው። ወደ ሽንት ቤት ከመሄዳቸው በፊት ክንድ ካለውና ግድግዳ ከተደገፈ ወንበር ላይ ሦስት አራት ጊዜ ብድግ ቁጭ ይበሉ። የቻሉትን ያህል በእጃቸው ገፍተው ይነሡ፤ እኛ ከጎን ሆነን እንጠብቃቸው እንጂ በብብታቸው ይዘን አንጎትታቸው። 10 እርምጃ የሚሄድ ሰው 10 እርምጃውን በእግሩ ይሂድ። በፍጥነት እንዲደርሱ ብለን በተሽከርካሪ ወንበር ከወሰድናቸው ያቺኑ 10 እርምጃ ወሰድንባቸው ማለት ነው። ስግደት፣ ሶላት፣ ደጅ መሳም የለመዱትንም አናስተዋቸው፤ በአቅማቸው ይቀጥሉ።

3ኛ. ውሃ አንከልክላቸው። ቀን ቀን በትንሽ በትንሹ ይጠጡ፤ ከምሽት በኋላ ቀነስ ያድርጉ። ቡናና ሻይ አንዳንዱን ቶሎ ቶሎ ስለሚያሸና ከሰዓት በኋላ ቢቀንሱ ይረዳል። በጾም ሰዓትም ቢሆን ከንስሐ አባታቸው ወይም ከሃይማኖት አባታቸው ጋር መመካከር ነውር የለውም። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ግን የውሃውን መጠን ሐኪም ይወስንላቸው። ጎመን፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ፍራፍሬ ሆድ እንዳይደርቅ ያግዛሉ።

4ኛ. መንገዱን እናቅናላቸው። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ያለው ላይ ምንጣፍ የሚጠልፍ፣ ጀሪካን የሚያደናቅፍ አይኑር፤ ሌሊት መብራት ይኑር። ሽንት ቤታችን ቁጢጥ የሚያስብል ከሆነ አናጢ መሐሉን የበሳው ጠንካራ ወንበር ቢሠራበት ትልቅ ግልግል ነው። ግድግዳው ላይ የሚይዙት ብረት ይመታ። ለሌሊት ፖፖ ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ። ሱሪያቸውና ቀሚሳቸው ቁልፍ ሳይሆን ላስቲክ ያለው ቢሆን ለድንገተኛው ይደርሳል።

5ኛ. ጡንቻውን እናለማምድ። አሜሪካዊው ዶክተር አርኖልድ ኬግል እ.ኤ.አ. በ1948 ያስተዋወቀው ልምምድ ቀላል ነው፤ ሽንትን እንደሚያቆም ሰው ከታች ያለውን ጡንቻ አጥብቆ መያዝ፣ ጥቂት መቁጠር፣ መልቀቅ፤ ይህንኑ በቀን ደጋግሞ መሥራት ነው። ተቀምጦም፣ ተኝቶም ይሠራል፤ ማንም አያይም። ውጤቱ ግን በሳምንት አይመጣም፤ ወራት ይፈልጋል። ወጣት እናቶችም ከአሁኑ ልመዱት።

6ኛ. ዳይፐርን በቦታው እንጠቀም። ዳይፐር ጠላት አይደለም፤ ለጉዞ፣ ለሌሊት፣ ለስብሰባ ልብ ያሳርፋል። ነገር ግን «ዳይፐር አድርገዋልና ማንሣት አያስፈልግም» ከተባለ ያኔ ጠላት ሆነ። ሲርስ ወዲያው ይቀየር፤ ቆዳው ይታጠብ፣ ሳይታሽ ይድረቅ፣ ቫዝሊን ይቀባ። አልጋ ላይ የዋለውን ደግሞ ጎኑን እንለዋውጥለት።

ሐኪም ዘንድ መሄድ ያለበት ማን ነው?

እውነቱን ለመናገር ሽንት የሚያመልጠው ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ ጤና ጣቢያ ታይቶ ቢመለስ መልካም ነው። ሳይውል ሳያድር መሄድ ያለበት ግን ይህ ነው፦ ትናንት ደኅና የነበረ ሰው ድንገት ሲጀምረው፤ ትኩሳት ወይም ማቃጠል ሲኖር፤ በሽንቱ ደም ሲታይ፤ ሆዱ ተወጥሮ መሽናት ሲያቅተው፤ እግሩ ሲዝልና በእግሩ መሐል ሲደነዝዘው፤ በድንገት ሲቀባጥር። ማህፀን መውጣት ያለባቸው እናቶችም ሕክምና እንዳለው ይወቁ። በወሊድ ጉዳት ምክንያት ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሌት ተቀን ሽንት የሚፈስባቸው ካሉ ደግሞ ችግሩ ፌስቱላ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ሆስፒታል አለ፤ «አርጅቻለሁ» ተብሎ አይተውም።

መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በገዛ ራሳቸው እንዳያቋርጡ አደራ እንላለን። «ይህ መድኃኒት ቶሎ ቶሎ ያሸናኛል፤ ሰዓቱ ይቀየርልኝ ወይ?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ስብራት ያለበትን፣ ሲነሣ የሚያዞረውን፣ ደረቱን የሚያመውን ሰው ደግሞ ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሳያየው አናስነሣው።

ውሳኔያችንና የእኚያ እናት ነገር

ከዚያ ጉብኝት በኋላ የመጦሪያ ቤቱን ኃላፊ አነጋግረን ፈቃድ አገኘን። ከኮሚቴያችን ስድስት ሰዎች በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሁለት ሁለት እየሆንን በፈረቃ መሄድ ጀመርን። የቤቱ ነርስ ማንን ማስነሣት እንደምንችልና እንደማንችል ነገረችን፤ አያያዙንም አሳየችን። ሥራው ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት ከመካከላችን ሽታው ከብዶት የቀረ አለ፤ በኋላ ግን ተመልሷል። አንድ አባት «በስተርጅና ልታሰለጥኑኝ ነው?» ብለው ተቆጥተውን እስከ ዛሬ አልተነሡልንም፤ አጠገባቸው ተቀምጠን እንጫወታለን እንጂ አናስገድዳቸውም። ሴቶቹን ሴቶች፣ ወንዶቹን ወንዶች ይይዛሉ፤ ያየነውንም የሰማነውንም ከዚያ ግቢ አናወጣም።

እኚያ እናታችንስ? ተፈወሱ ብለን አንዋሽም። ሌሊት አሁንም ያመልጣቸዋል። ቀን ግን ብዙ ጊዜ ደርቀው ይውላሉ። በመጀመሪያው ቀን ከወንበር አንድ ጊዜ ተነሥተው ደክሟቸው ተቀመጡ። በአራተኛው ወር በከዘራ እስከ ግቢው በር ይደርሱ ነበር። ውሃ መጠጣት ጀምረዋል። ባለፈው ስንሄድ ወንበሩን ገፍተው ሲነሡ ከመካከላችን አንዱ ከልማድ የተነሣ «ኧረ አይነሡ!» ብሎ ቢጀምር እጃቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ተወኝ እስቲ! ልነሣበት!» አሉት። ሳቅን፤ አቅፈውም ሳሙን። ቆመው ነው የሳሙን።

አክብሮታችን ከልብ ነው፤ ባህላችንም ነው፤ አይጥፋ። ነገር ግን ከእንግዲህ ወዲህ ለታላላቆቻችን የምንሰጠው አክብሮት ወንበር ላይ የሚያስቀር ሳይሆን ክንዳችንን አቅርበን «እንነሣ» የሚል ይሁን። ስብሰባ ላይ ከበር አጠገብ ያለውን ቦታ ለአረጋውያን እንተውላቸው፤ ወጣ ገባ ሲሉ ማንም ዞሮ አይመልከት። ድንኳን ስንተክል ሽንት ቤቱ ቅርብና የሚበራ መሆኑን አስቀድመን እንይ። ከስብሰባ የቀረ አረጋዊ ካለም «ደከሙ» ብለን አንለፍ፤ ሄደን እንጠይቅ።

በመጨረሻም፣ የፈረቃው ዝርዝር ከዚህ ጽሑፍ ጎን ተለጥፏል። እስካሁን የተሞላው ሦስት ቀን ነው፤ የተቀሩት አራት ቀኖች ባዶ ናቸው። በሳምንት ሁለት ሰዓት መስጠት የሚችል፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ስሙን ይጻፍበት። ነገ እኛም እዚያው ወንበር ላይ ነን፤ ያኔ ማን ያስነሣን?

አምላክ ሁላችንንም ለወግ ለማዕረግ አድርሶ፣ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣን።

የማኅበሩ የጤና ኮሚቴ